የአጎቴ በሬ የት ገባ? ለሕክምና በአውሮፕላን ስትጓዙ ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን የሚያድኑ ምክሮች

 

ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ ጉዞ ነው የማወራችሁ። «ጉዞን ከሐኪም ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ከክፍለ ሀገር ታማሚ ዘመድ አስመጥታችሁ የምታውቁ ግን ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ነው። ይህን የተማርኩት በገዛ አጎቴ ላይ በሠራሁት ስህተት ነው።

አጎቴ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፕሮስቴት እጢው አብጦ ሽንት ይከለክለው ጀመር። አካባቢው ያለው ሐኪም መድኃኒት ጀመረለት፤ ከዚያም ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ እንዲመጣ ተወሰነ። አጎቴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠና «በል እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩን ባንተ ጥያለሁ» ብሎ ደወለልኝ። እኔም «የአውቶቡሱ መንገድ ያደክመዋል፣ ከላሊበላ በአውሮፕላን ይምጣ» ብዬ ትኬት ቆረጥኩ። የትኬቱን ስክሪንሾት በቴሌግራም ለልጁ ላክሁለት። በቃ፣ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት 08:40 ነበር። እነሱ 8:40 ሲሉ ከሰዓት በኋላ ማለታቸው ነው። ሐሙስ ንጋት ላይ ከሰቆጣ ተነስተው በአስከተማና በብልባላ በኩል ሲጠማዘዙ ውለው «ቀድመን ደረስን» ብለው 7 ሰዓት ላይ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆሙ። አውሮፕላኑ ግን ከጠዋቱ 2:40 ላይ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተፈታ ክር ነው። ትኬት ለመቀየር ተከፈለ። ለሁለት ሰው ላሊበላ ላይ ማደሪያና ምግብ ተከፈለ። የዓርብ ጠዋት ቀጠሮው አለፈ። ጠመዝማዛው መንገድ አጎቴን ስላስመለሰው ከመድኃኒት መደብር የማስመለሻ ማስታገሻ ተገዛለት፤ በማግስቱ ከበረራው በፊትም ደገመ። የራሱ የፕሮስቴት መድኃኒት ደግሞ አብሮት አልነበረም፤ «አውሮፕላን ኪሎ ይቆጥራል» ተብሎ ሻንጣው ከማሩ ጋር በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ተሰጥቷል። ዓርብ ማታ ቤቴ ደረሰ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሽንቱ ጨርሶ ተዘጋ። ሆዱ ተነፍቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ «ልጄ፣ ሞትኩ!» እያለ ይዤው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጥኩ። ካቴተር ገብቶለት ነው እፎይ ያለው።

ሰኞ ላይ ሐኪሙ «የቀድሞው የአልትራሳውንድ ውጤት የት አለ?» ሲል ጠየቀ። ሰቆጣ፣ ሳጥን ውስጥ ነበር። ምርመራው ሁሉ እንደ አዲስ ተደገመ፤ ዋናው ቀጠሮም ወደሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ።

ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ማታ ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብለን የወጣውን ገንዘብ በወረቀት ደመርን። የበሬው ዋጋ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ያለቀው ለሕክምናው አልነበረም፤ ለተቀየረ ትኬት፣ ለማደሪያ፣ ለሌሊት ታክሲ፣ ለድንገተኛ ክፍልና ለተደገመ ምርመራ ነበር። አጎቴ ወረቀቱን አይቶ «ይሄ ግማሹ በሬ እንዲያው በመንገድ ነው የወደቀው» አለኝ። በዚያ ዓመት በአንድ በሬ ስለቀረ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ነው ያረሰው።

ይህን የምነግራችሁ አጎቴን አላዋቂ ለማለት አይደለም። ስህተቱ የእኔ ነው። ከተማ ያለነው፣ ስማርት ስልክ የያዝነው፣ ትኬት የምንቆርጠው እኛ ነን። ስለዚህ ትምህርቱም ለእኛ ነው። አንድ በአንድ እንየው።

👉 1. መጀመሪያ፦ ጉዞው የግድ ነው ወይ?

ርካሹ ትኬት ያልተቆረጠው ትኬት ነው። ታማሚውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት የሕክምና ወረቀቶቹን በሙሉ በስልክ ፎቶ አስነስታችሁ አስልኩና ለሐኪም አሳዩ። አንዳንዱ ምርመራ እዚያው ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊሠራ ይችላል። ሌላው ደግሞ ወልድያ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደግሞ የሪፈር ወረቀት ገንዘብ ማለት ነው። ደረጃውን ጠብቆ ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ሽፋኑን ሊያጣ ወይም ሊቀነስበት ይችላል። ሪፈሩ ማኅተምና ፊርማ እንዳለው፣ የተላከበት ሆስፒታል ስም በትክክል መጻፉን እዚያው ሳሉ ያረጋግጡ። ማኅተም ለማስመታት ከአዲስ አበባ ሰቆጣ አይመለስም።

👉 2. ቀጠሮ ይቅደም፣ ትኬት ይከተል

ብዙዎቻችን መጀመሪያ ትኬት እንቆርጥና ከዚያ ሐኪም እንፈልጋለን። ተገላቢጦሽ ነው። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ሐኪሙ በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኝ፣ ምርመራው በባዶ ሆድ መሆን አለመሆኑን በስልክ ጠይቁ። ዓርብ ማታ የሚደርስ ታማሚ ቅዳሜና እሑድን ቁጭ ብሎ ይበላል። እሑድ ደርሶ ሰኞ የሚታይ ግን ሁለት ቀን ያተርፋል። በቀጠሮውና በመድረሻው መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይኑር፤ በረራ ቢሰረዝ፣ መንገድ ቢዘጋ ቀጠሮው እንዳያልፍ።

ከሰቆጣ ለሚመጣ ሰው ይህ የበለጠ ይሠራል። ላሊበላ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ የመኪና መንገድ አለ። አየር ማረፊያው ደግሞ ከላሊበላ ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሹምሸሃ አካባቢ ነው። የጠዋት በረራ ከሆነ አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ማደር የግድ ነው። አንድ ሌሊት ማደሪያ ያመለጠ ትኬትን ያህል አያስወጣም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች፣ የበረራውን ደግሞ ከአየር መንገዱ ቢሮ በስልክ አረጋግጡ።

👉 3. የትኬቱ ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም!

የአጎቴን በሬ የበላችው ይህቺ ነገር ናት። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከ0 እስከ 24 ነው። እንዲህ ቀይሩት፦

ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ። 08:40 ማለት ከጠዋቱ 2:40 ነው። 15:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ቀንሱ። 20:30 ማለት ከምሽቱ 2:30 ነው።

ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ደምሩ። 02:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

የመጨረሻዋ በተለይ ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ወጥመድ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ግን አዲሱን ቀን የምንጀምረው ከንጋት ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል።

ስለዚህ ስክሪንሾት ብቻ አትላኩ። ደውላችሁ በአማርኛ ወይም በኽምጣኛ ንገሯቸው፦ «ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ 2:40 ላይ ይነሳል፤ እናንተ በ12:30 በሩ ላይ ሁኑ።» ከዚያ «እስኪ መልሰህ ንገረኝ» በሉ። እኛ ሐኪሞች የመድኃኒት አወሳሰድ ስንነግር ታማሚው መልሶ እንዲነግረን የምናደርገው በዚሁ ምክንያት ነው።

👉 4. ትኬት ስትቆርጡ

በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ያሉ ወንበሮች ሁሉ አንድ ዋጋ የላቸውም። ርካሾቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ ስለዚህ ቀጠሮው እንደታወቀ ቶሎ መቁረጥ ያዋጣል። ነገር ግን ለታማሚ ከሁሉ ርካሹ ትኬት ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ቀን ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍል፣ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ። የመመለሻ ቀኑን ሐኪሙ ሳይወስን አትቁረጡ፤ ወይም በቀላሉ የሚቀየረውን ያዙ።

ስምም ይጠንቀቁ። በእኛ አገር አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና የመታወቂያ ስም ሊኖረው ይችላል። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው መታወቂያው ወይም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። የመታወቂያውን ፎቶ አስልካችሁ ፊደል በፊደል እያያችሁ ሙሉ። የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉንም እዩ።

ከውጭ አገር የምትመጡ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጣችሁበት ዓለም አቀፍ ትኬት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ፣ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ ልታገኙ ስለምትችሉ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

👉 5. መድኃኒትና ወረቀት ከእጅ አይለይ

አንድ ትንሽ የእጅ ቦርሳ አዘጋጁ። ይህቺ ቦርሳ ለጭነት አትሰጥም፣ ለሌላ ሰው አትሰጥም፣ በአውቶቡስ አትላክም። በውስጧ፦

✅ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነማሸጊያቸው። ለጉዞው ከሚያስፈልገው በላይ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይኑር።
✅ የሪፈር ወረቀት፣ የላብራቶሪ ውጤቶች፣ የራጅና የሲቲ ስካን ፊልሞች፣ የአልትራሳውንድ ውጤት።
✅ መታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተር፣ የተደወለላቸው ሰዎች ስልክ በወረቀት ላይ ተጽፎ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።
✅ ስኳር ላለበት ሰው መለኪያው፣ ስኳር ወይም ከረሜላ፣ ትንሽ የሚበላ ነገር።

ኢንሱሊን በጭነት ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም። ሻንጣው ቢዘገይ አደጋ ነው፤ ከዚያም በላይ ኢንሱሊን በጣም ከቀዘቀዘ ወይም በፀሐይ ከጋለ ይበላሻል። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ደህና ቢመስልም አይሠራም፣ ይጣላል። በአገልግሎት ላይ ያለ ብልቃጥ ግን ከሙቀት ከተጠበቀ ለአራት ሳምንት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ስለሚቆይ፣ ለአንድ ቀን ጉዞ ከበረዶ ጋር ማሰር አያስፈልግም። በረዶ ከያዛችሁም ኢንሱሊኑን በጨርቅ ጠቅልሉት እንጂ በቀጥታ አታስነኩት። መርፌው ፍተሻ ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ከሐኪም አጭር ደብዳቤ ያዙ።

👉 6. ለመንገድ ብላችሁ የምትውጧት ኪኒን

አጎቴን ድንገተኛ ክፍል ያደረሰችው አንዷ ነገር ይህች ናት። ማስመለስን የሚያስታግሱ እንደ ፕሮሜታዚን ያሉ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ብዙዎቹ የጉንፋን ኪኒኖች የፊኛን ጡንቻ ያደክማሉ ወይም የሽንት መውጫውን ያጠብቃሉ። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ላይ ሽንትን ጨርሰው ሊዘጉ ይችላሉ። በዚያ ላይ አጎቴ የራሱን መድኃኒት አቋርጦ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ውጤቱን አያችሁት። እነዚሁ መድኃኒቶች አንዳንድ የግላኮማ ታማሚዎችን ዓይን ይጎዳሉ፤ አረጋውያንንም ያደናብራሉ፣ ይጥላሉ።

እድሜያቸው የገፋ ወንዶች ያለ ሐኪም ምክር እነዚህን አይውሰዱ። በምትኩ መኪና ላይ ከፊት መቀመጥ፣ ሩቁን መንገድ ማየት፣ ስልክ አለማየት፣ ከጉዞ በፊት ቀለል ያለ ነገር መብላት ይረዳል። ሽንት ለመሽናት እያማጡ አለመቻልና የታችኛው ሆድ መወጠር ሲመጣ «ሲነጋ እናያለን» አይባልም፤ ሰዓቱን ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና!

👉 7. የአውሮፕላኑ አየር፦ ማን ይብረር፣ ማን ይቆይ?

ብዙ ሰው «ልብ ያለበት ሰው አውሮፕላን ይገድለዋል» ሲል እሰማለሁ። እስኪ ነገሩን እናስተካክለው። አውሮፕላን ወደ ላይ ሲወጣ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ሲበዛ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆናል። ሰቆጣ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አዲስ አበባም፣ ላሊበላም እንዲሁ። እንግዲህ የዋግ ደጋ ሰው አውሮፕላን ውስጥ የሚያገኘው አየር ከገዛ ቀዬው አየር ብዙም አይለይም ማለት ነው። ይልቅ የሚቸገረው ከባሕር ጠረፍ አካባቢ የሚመጣ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያለከልክ፣ ወይም ኦክስጅን የሚያስፈልገው ታማሚ ግን የትም ይኑር፣ ከሐኪም ፈቃድ ውጭ አይብረር። የራስን የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ መግባትም ያለ ቅድመ ፈቃድ አይቻልም።

በአጠቃላይ እነዚህ ሰዎች ከትኬት በፊት ሐኪም ይጠይቁ፦

▪ የልብ ድካም አጋጥሞት ገና ሳምንት ወይም አስር ቀን ያልሞላው።
▪ ሆዱ በቅርቡ የተከፈተ፤ ብዙውን ጊዜ አስር ቀን ያህል ይጠበቃል። በሰውነት ውስጥ የታመቀ አየር ከፍታ ላይ ስለሚሰፋ ስፌቱን ይወጥራል።
▪ ሳንባው አየር ቋጥሮ የነበረ። ሙሉ በሙሉ መዳኑ በራጅ ሳይረጋገጥ አይብረር።
▪ ጄሶ ከታሰረለት ገና ሁለት ቀን ያልሞላው። እብጠቱ ጄሶው ውስጥ እግሩን ሊያንቀው ይችላል።
▪ በጣም ደም ያነሰው ሰው፤ በተለይ ሄሞግሎቢኑ ከ7.5 በታች ከሆነ።
▪ የሚተላለፍ የሳንባ ቲቢ ያለበት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት በቂ ሕክምና ወስዶ የማያስተላልፍ መሆኑን ሐኪሙ ሳያረጋግጥ አይሳፈር። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሆነ ደግሞ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ይጠብቃል።
▪ ነፍሰ ጡር እናት። ብዙ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ከ36 ሳምንት በኋላ አያሳፍሩም፤ መንታ ከሆነ ደግሞ ቀደም ይላል።

ጠና ያለ ታማሚ ካላችሁ አየር መንገዶች በሐኪም የሚሞላ የጤና መረጃ ቅጽ አላቸው። ከቀናት በፊት አስሞሉት። ሳታስሞሉ ሄዳችሁ በሩ ላይ «አይበርም» ከተባላችሁ ትኬቱም፣ መንገዱም ከሰረ።

አውቶቡስን ከአውሮፕላን «ለጤና ይሻላል» ብሎ መምረጥም ሁልጊዜ ልክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚያሳየው 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል ሁለት እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። በአውሮፕላንም፣ በመኪናም፣ በባቡርም ያው ነው። ዕድሉ ለጤነኛ ሰው ትንሽ ነው፤ ከ6,000 አንድ ገደማ። ቀዶ ጥገና ለተደረገለት፣ ለካንሰር ታማሚ፣ ለአራስ ግን ይጨምራል። ከላሊበላ አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ቀን ሙሉ አስቀምጦ ያውላል። በአውቶቡስ ከሆነ መኪናው በቆመ ቁጥር ውረዱ፣ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ፈጥናችሁ ታከሙ።

👉 8. ዊልቸር በነፃ ነው፣ አትፈሩ

አጎቴ ቦሌ ላይ ረጅሙን መንገድ እየቆመ እያረፈ በእግሩ ነው የወጣው። ዊልቸር መጠየቅ እንደሚቻል አልነገርኩትም። መራመድ የሚያደክመው ሰው ትኬት ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ዊልቸር ይጠየቅለት። አይከፈልበትም። ሌላም ጥቅም አለው፦ አየር ማረፊያ ገብቶ የማያውቅ፣ ማንበብ የማይችል ወይም አማርኛ የሚከብደው ሽማግሌ ከበር እስከ ወንበር የሚወስደው ሰው ያገኛል። አንዳንዴ ለአስታማሚ ሁለተኛ ትኬት ከመቁረጥ ያድናል፤ እርግጥ ታማሚው መጸዳጃ ቤት ብቻውን መሄድና መመገብ የሚችል ከሆነ ነው።

የአገር ውስጥ በረራ ቦሌ ላይ ተርሚናል 1 ነው፤ የውጭው ተርሚናል 2። ታክሲ ስትጠሩ ለይታችሁ ተናገሩ። ለአገር ውስጥ በረራ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ፍተሻው ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ቀበቶ፣ ሳንቲምና ስልክ ቀድማችሁ በቦርሳ አስገቡ። የተጫማችሁትም በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን።

👉 9. የሰቆጣ ማርና የእጅ ሻንጣ

ከዋግ ተነስቶ ያለ ማር የሚመጣ ዘመድ የለም መቼስ! ማሩን ግን በእጅ ሻንጣ አትያዙ። ወደ ውጭ በሚደረግ በረራ ማርና ቅቤ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የያዘ ዕቃ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ከጭነቱ ሻንጣ ጋር፣ ክዳኑ ታሽጎ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይግባ። ቤት ውስጥ በሚዛን መዝኑ፤ ትርፍ ኪሎ እዚያው ሲከፈል ከማሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የተፈቀደላችሁ ኪሎ ትኬቱ ላይ ተጽፏል።

ማሩ ሲደርስ ደግሞ አንድ የሐኪም አደራ፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይቀመስም፤ ለጉንፋንም ቢሆን። ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ሕፃን ይዛችሁ የምትበሩ ደግሞ አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ጡት አጥቡ። ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል፣ ለቅሶውም ይቀንሳል። አዋቂም ማስቲካ ቢያኝክ ወይም ምራቁን ቢውጥ ያው ነው።

👉 10. ለሕክምና ወደ ውጭ ለምትሄዱ

ወደ ህንድ ለሕክምና የሚሄድ ብዙ ነው። ህንድ ከኢትዮጵያ ለሚገቡ ሰዎች የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መሮጥ ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ስለተወሰነ፣ የድሮ ካርድ ላይ «10 ዓመት» ቢልም እንደገና ተከትባችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ እህቶችና ወንድሞች፦ ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ዳያዜፓምና የመሳሰሉት እዚህ በሐኪም ትዕዛዝ የተሰጧችሁ ቢሆኑም፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው። ያለ ፈቃድ መያዝ እስር ሊያመጣ ይችላል። የሌላ ሰውን መድኃኒት «አድርሺልኝ» ተብላችሁም አትቀበሉ።

👉 11. የመመለሻው መንገድ

ከሆስፒታል ስትወጡ አምስት ጥያቄ ጠይቁ፦ መቼ መጓዝ እችላለሁ? መድኃኒቱ ሰቆጣ ይገኛል ወይስ ከዚህ ልግዛ? ስፌቱን እዚያው ማስወጣት ይቻላል? ቀጣዩን ምርመራ እዚያ አሠርቼ ውጤቱን ብልክ ይሆናል? ምን ምልክት ካየሁ ልፍጠን? መልሱን በጽሑፍ፣ ለሰቆጣው ሐኪም በሚሆን መልኩ አስጽፉ። ይህች አንዲት ገጽ ወረቀት አንድ ሙሉ ደርሶ መልስ ልታድን ትችላለች።

አጎቴ ቀዶ ጥገናው ተደርጎለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው። በዓመቱ የክትትል ጊዜ ሲደርስ «ልምጣ ወይ?» ብሎ ደወለ። ምርመራውን እዚያው አሠራ፣ ልጁ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ለቀዶ ሐኪሙ አሳየሁት። «ደህና ነው፣ መምጣት አያስፈልገውም» አለ። ደውዬ ስነግረው አጎቴ ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው የዘንድሮው ወይፈን ተረፈ በለኛ!» ብሎ ሳቀ።

ወገኖቼ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ታማሚ ከገንዘብ መላክ የሚበልጥ ውለታ አለ፤ ቀድሞ ደውሎ ማጣራት፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መንገር፣ መድኃኒቱና ወረቀቱ እጁ ላይ መሆናቸውን ማረጋገጥ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ታማሚ ለማስመጣት ትኬት ሊቆርጥ ላሰበ ሰው ሼር አድርጉለት።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ የእናንተን ሁኔታ የሚያውቀው የሚያክማችሁ ሐኪም ስለሆነ ከመጓዛችሁ በፊት አማክሩት።

ጤናችሁ ይብዛ! መንገዳችሁ ሁሉ የቀና ይሁን።